ከክቡ ውጭ ያለች ነጥብ

መምህራችን ሰሌዳ ላይ ክብ ሲስሉ ኮምፓስም ገመድም አያስፈልጋቸውም ነበር። ጠመኔውን በሁለት ጣት ይዘው ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ያዞሩታል፤ መስመሩም ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ይገጥማል። ከዚያ ከክቡ ውጭ አንዲት ነጥብ ጣል አድርገው ወደ እኛ ይመለሳሉ። «ቃሉ በኤክቶ ወይም በኤክሶ ከጀመረ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህን አትርሱ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው፣ ውጭ» ይላሉ። ከዚያ የነርሶች ትምህርት ቤት የወጣ ሰው የራሱን ልደት ቢረሳ ያን ክብ አይረሳም። ስማቸውም በዚያው መምህር ክብ ሆኖ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ እሳቸው ይህን ቅጽል የሰሙት ሥራ ከጀመሩ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው አሉ። ሲሰሙም «ካሬ ካላላችሁኝ ይሁን» ብለው አለፉት።

የሚያስተምሩት የሕክምና ቃላትን ነበር። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ የተመደበለት፣ ሌሎቹ መምህራን ከትምህርት የማይቆጥሩት ትምህርት ነው። እኛም ብንሆን መጀመሪያ የገባነው እንቅልፋችንን ልንጨርስ ነው። የግሪክ ቃል ሲደረደር ማን ነቅቶ ያዳምጣል? እሳቸው ግን ለያንዳንዱ ቃል አንድ የሰፈር ወሬ የምትመስል ነገር ነበረቻቸው። ኤክቶፓራሳይት፣ ማለትም ቅማል፣ ቁንጫ፣ መዥገር፣ «ሳሎን ሳይገባ በረንዳ ላይ ሆኖ ከጓዳ የሚበላ» ነው። ኤክሶክሪን ዕጢ፣ ላብና ምራቅን በቦይ ወደ ውጭ የሚያፈሰው፣ «ሆዱ ነገር የማያድርለት ጎረቤት» ነው። ኤክሶስኬለተን ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ፌንጣ አጥንቱን ውጭ ለብሶ ሥጋውን ይሸሽጋል፤ እኛ ሥጋችንን አጋልጠን አጥንታችንን እንሸሽጋለን። ብልሁ ማነው?» ብለው ይጠይቁና መልስ ሳይጠብቁ ሰሌዳውን ያጠፋሉ።

ከሁሉ የሚወዱት ኤክቶደርምን ነበር። ጽንስ ገና ከሰሊጥ ፍሬ ሲያንስ ሦስት ድርብ ሆኖ ይታያል። የውጭኛው ድርብ ቆዳ ይሆናል፤ ከዚያው ከውጭኛው ድርብ ላይ ደግሞ አንዱ ክፍል ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቶ አንጎልና ነርቭ ይሆናል። «እንግዲህ ሐሳባችሁ ሁሉ የቆዳችሁ ወንድም ነው» ይሉ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሲነካችሁ ሌላም ነገር የሚነካባችሁ ለዚህ ይሆናል። ይሄ ግን ፈተና ላይ አይመጣም።» እኔ ፈተና ላይ የመጣውን ሁሉ ረስቼ ይህን አልረሳሁም።

በመጨረሻ የሚመጣው ኤክቶፒክ የሚለው ነው። ከቦታው ውጭ ማለት ነው። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መቀመጥ ሲገባው መንገድ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ያርፋል። ቱቦው ጠባብ ነው፤ አይለጠጥም፤ ጽንሱ ሲያድግ ይቀደድና እናቲቱ ወደ ውስጥ ደም ፈስሷት ልትሞት ትችላለች። መምህር ክብ ነጥቧን ከክቡ ፈንጠር አድርገው ያስቀምጡና ድምፃቸውን አቅጥነው «ይቅርታ፣ የእገሌ ቤት ይሄ ነው?» ይላሉ። መልሰው ደግሞ በወፍራሙ «አይደለም፣ አንድ በር አልፈሃል» ይላሉ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሁላችንም ደብተራችን ላይ «ቤት የሳተ እንግዳ» ብለን እንጽፋለን። ከሃያ ዓመት በላይ የተነገረች ቀልድ ነች፤ ያልሳቀ ተማሪ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሲያስተምሩ ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ነርስ አልነበሩም። በወጣትነታቸው ነርስ ሊሆኑ ገብተው ነበር። የመጀመሪያው የተግባር ቀን አንድ አናጢ አውራ ጣቱን ቆርጦ መጣ፤ ታካሚው አናጢ ቆሞ ሳለ ተማሪው ወደቁ። በሁለተኛው ቀንም ወደቁ። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ቀይ መድኃኒት አይተው ሲወድቁ ዳይሬክተሯ ተስፋ ቆርጠው ወደ ጽሕፈት ክፍል አዛወሯቸው። እዚያ የሌሎችን ማስታወሻ በታይፕ ሲመቱ ቃላቱን አንድ በአንድ ለቀሙ። ሐኪሞቹ «ቃል እንጂ ደም የማያውቅ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር፤ ነገር ግን ነጭ ጋዋን ለብሰው አያውቁም። ጠመኔ ልብስ ያበላሻል ሲባሉ እንኳ እጅጌያቸውን ያራግፋሉ እንጂ ጋዋን አይለብሱም። «የማይገባኝን ልብስ አልለብስም» ይላሉ።

ሚስታቸው የሞቱት አንዲት ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። ሚጣ እያሉ ይጠሯታል፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ከፍታ እንኳ ለእሳቸው ሚጣ ነች። ያሳደጓት በቃላቱ መካከል ነው። አዲስ ቀልድ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚሞክሩት በእሷ ላይ ነበር፤ ከሳቀች ክፍል ይገባል፤ ካልሳቀች ይቀራል። የፌንጣው አጥንት አላሳቃትም ነበር፤ እሳቸው ግን እልህ ይዟቸው አስገቡት። ቤት በሳተው እንግዳ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ሻዩ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ስቃለች።

እኔ ከዚያ ክፍል ከወጡት አንዷ ነኝ። በሴቶች ድንገተኛ ክፍል ከሠራሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ባልደረቦቼ ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል ይሉኛል፤ ሐሰት ነው አልልም። የምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን እሳቸው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው የነገሩኝ ነው።

ሚጣ ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗት ልጅ አልመጣም ነበር። ያልሄደችበት ሐኪም የለም። ሰው ቤት ሕፃን አቅፋ ስትመለስ ቀኑን ሙሉ እንደማትናገር ባሏ ለአማቹ ይነግራቸዋል። ባልየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ጥሩ ሰው። በኋላ ባልታሰበ ሰዓት አረገዘች። መምህር ክብ ወሬውን ሲሰሙ ገበያ ወጥተው የሕፃን ካልሲ ገዙና አፍረው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ዋሉ።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የሰፋችላቸውን መጋረጃ ይዛ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ግራ ጎኔን ከትናንት ጀምሮ ወጋ ወጋ ያደርገኛል» አለች። ወዲያው አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ስልክ ደወሉ፤ እሷም ነገረቻቸው። አማቷ «የመጀመሪያ ሆድ እንዲህ ነው፣ ጋደም በይ፤ መኪና ላይ እንዳትወጪ፣ ያንገራግጭሻል» አሏት። ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ጥቂት ቆይታ «ትከሻዬንም ያመኛል፤ ተጣምሜ ተኝቼ ነው መሰለኝ» አለች።

መምህር ክብ የሻይ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ለተማሪ ከሚያድሉት ማስታወሻ ላይ ገጽ አሥራ አራትን ራሳቸው ነበሩ የጻፉት። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ወደ ላይ ወጥቶ የሆድና የደረትን መለያ ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው፤ የሁለቱ ነርቭ ከአንድ ቦታ ይነሣልና። ከሥሩም «ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን፣ ትከሻዋን ካመማትና ካዞራት አትጠብቁ» ብለው አስምረውበታል።

ያስመሩበት ሰው ራሳቸው ጠበቁ።

«ሃያ ደቂቃ» አሉኝ በኋላ። «አንድ ብርጭቆ ሃያ ደቂቃ አጠብኩ።» ሐኪም አይደሉም። ተሳስተው ቢገኙ ልጃቸውን ስድስት ዓመት በጠበቀችው ደስታ ላይ በከንቱ ያስደነግጧታል፤ ዕድሜ ልካቸውን «ቃል እንጂ ደም የማያውቅ» የተባሉትም እውነት ይሆናል። ልክ ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። ቃሉን በአፋቸው ካወጡት ያ ልጅ የለም ማለት ነው። ዝም ካሉ፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን፣ አለ። ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጣሁም፣ አልፈረድኩም።

ከዚያ ሚጣ ውሃ ልትጠጣ ስትነሣ አዞራትና ግድግዳውን ያዘች። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሚጣዬ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«መኪና ላይ አልወጣም። አልሰማህም እንዴ እማማ ያሉትን?»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጄን ብታሳጣኝስ፣ አባዬ?»

«እኔ ደግሞ የራሴን ልጅ እንዳላጣ ነው» አሏት። «ተሳስቼ ከሆነ ዕድሜ ልክሽን ሳቂብኝ። አሁን ጫማሽን አድርጊ።»

ጫማዋን ለማድረግ ግን ማጎንበስ አልቻለችም፤ ተንበርክከው አደረጉላት። ታክሲ ይዘው መጡ።

ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ስለነበር ታማሚው እሳቸው መስለውኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ሕግ ቢከለክልም አልትራሳውንድ ክፍል አብረው እንዲገቡ ፈቀድኩ፤ ሚጣ እጃቸውን አለቅም ብላ ነበር። ዶክተሩ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አንሸራተተ። ማህፀኑ ባዶ ነው። ወደ ግራ ሲል፣ ቱቦው ላይ አንድ ትንሽ ቀለበት ታየች፤ በውስጧም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ነበር። ዶክተሩ ቶሎ ብሎ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረው። ዙሪያው ሁሉ ደም ነው። «አሁኑኑ» ብሎኝ ቀዶ ጥገና ክፍሉን ሊያዘጋጅ ወጣ። ማስረዳቱና ማስፈረሙ ለእኔ ቀረ።

አንድ እጄ ደም ሥር ይፈልጋል፣ ሌላው ወረቀቱን ይዟል። ሚጣ «ምን ሆኖ ነው? ልጄ ደህና ነው?» አለችኝ። ሰው ሲቸኩል ምላሱ የሚያነሣው ቅርብ ያገኘውን ነው። «አይዞሽ፣ እህቴ» አልኳት፤ «ጽንሱ ማህፀን ውስጥ አልተቀመጠም። ቤት የሳተ እንግዳ ነው። እዚያ ከቆየ ደግሞ አንቺን ይገድልሻል፤ አሁን መውጣት አለበት።» እንዲያውም ቀለል እንዲላት ብዬ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ሚጣ እኔን አላየችም። አባቷን ነው ያየችው፣ ረዘም ላለ ጊዜ።

«እንግዳ አልነበረም» አለች። «ስድስት ዓመት ጠርቼው ነው የመጣው።»

ከዚያ እጇን ከእጃቸው ነጥቃ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ፈረመች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ብዙ ጊዜ በሰው ላይ የተረትኩትን ያን ቀን ለራሴ ተረትኩት።

ቀዶ ጥገናው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። መምህር ክብ ኮሪደር ላይ ጫማዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። እጅጌያቸው ላይ ደም አለ፤ መርፌ ስተክልላት የተረጨ የሷ ደም ነው። ዝቅ ብለው ያዩታል፤ አልወደቁም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ይቅር ይበሉኝ፣ መምህር። ልጅዎ መሆኗንም እያወቅሁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። «ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጥሽ ነበር። ያስተማርኩሽን ነው የመለስሽው።» ጫማውን አገላብጠው አዩ። «ከሃያ ዓመት በላይ ተናግሬዋለሁ። ከሳቁት መካከል ስንቷ ወደ ቤቷ ሄዳ እንዳለቀሰች አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።» ስለ ሃያ ደቂቃው የነገሩኝም ያኔ ነው።

ሚጣ ዳነች። ግራ ቱቦዋ ወጣ፤ ቀኙ ደህና ነው። ዶክተሩ ጽንሱ ልቡ ይመታ እንደነበር ለባሏ ሲነግረው፣ ያ ዝምተኛ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰና «ለሷ እንዳትነግሩብኝ። ማወቁ ምን ይፈይድላታል?» ብሎ ለመነን። ዶክተሩ «ከጠየቀችኝ አልዋሽም፤ ካልጠየቀችኝ አላነሣም» አለ። እኔም በበኩሌ አፌን ለመዝጋት ማልኩ፤ ከዚያ በፊት አፌን ለመዝጋት ምዬ አላውቅም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም። ባሏን ታናግራለች፣ እኔን እንኳ ታናግራለች፤ አባቷ ሲገቡ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እሳቸው በየጥየቃ ሰዓቱ ይመጣሉ፣ ብርቱካን ልጠው ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ። ብርቱካኑን የጎረቤት አልጋዋ ሴትዮ ትበላዋለች። «አባትሽ የላጡትን አልጥልም፣ ግፍ ነው» ትላለች፤ በሦስት ቀን ስድስት ብርቱካን አነሣች። ሳቅ ያስመጣ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ ኮቴያቸውን የሚያለሰልሱት ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አስተማሩና ጡረታ ወጡ። ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዷ አሁን ከእኔ ጋር ትሠራለች። ኤክቶፒክ የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ጠመኔውን አስቀምጠው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር አለችኝ። ምልክቶቹን ሦስት ጊዜ ያስደግሟቸዋል፤ ከዚያ «ይህን ለሴትዮዋ ስትነግሩ ቆማችሁ አትንገሩ። መጀመሪያ ልጅ በሏት፣ እሷ ልጅ ካለችው» ይሏቸዋል። ቀልድ አልነበረውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የምን ቀልድ አለችኝ።

ወደ አራተኛው ቀን ልመለስ። ሚጣ የምትወጣበት ቀን ነበር። ባሏ ወረቀት ሊያስጨርስ ወርዷል። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ለባብሳ ተቀምጣለች፤ እኔ ከግራ እጇ ላይ መርፌውን ነቅዬ በጥጥ ይዤላታለሁ። አባቷ በቀኟ በኩል ወንበር ላይ ናቸው። ያን ቀን ብርቱካን እንኳ አላመጡም።

«አባዬ» አለች ጥጡን እያየች።

መምህር ክብ ከወንበሩ ሊነሡ ቃጣቸውና መልሰው ተቀመጡ።

«ልቡ ይመታ ነበር?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። በዓይኔ አይሆንም አልኳቸው፤ ራሴንም ነቀነቅኩ። እንዲዋሹ ፈለግሁ፤ ከልቤ ፈለግሁ። እንዲያውም መዋሸት አያስፈልጋቸውም ነበር። በዚያ ዕድሜ ልብ የሚባለው ገና ልብ እንዳይደለ፣ የሕዋስ ጥቅልል እንደሆነ የሚያስረዳ ስንት ቃል ያውቃሉ። «በሳይንሱ…» ብለው ጀመሩም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይመታ ነበር» አሉ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ስክሪኑ ሳይዞር በፊት።»

የምትጮህ መስሎኝ ጥጡን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አልጮኸችም። ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ።

«ሁላችሁም ምንም እንዳልነበረ ነው የምታወሩኝ» አለች። «አንድ ያየው ሰው ካለ ግን ነበረ ማለት ነው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እንዴት ነበር የሚመታው?»

ያ ዕድሜውን በቃል የኖረ ሰው መነጽሩን ከጭኑ አንሥቶ ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቀኝ መዳፏን ገለበጡና በሌባ ጣታቸው መሐሉን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ በቀስታ፣ ግን ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ዕረፍት።

«እንዲህ ይፈጥናል?» አለች።

«እንዲህ ይፈጥናል» አሉ። ጣታቸውን አላቆሙም፤ እሷም እጇን አላነሣችም።